የአማቴ መረቅ

ጭሮ ውስጥ ባጃጅ የሚነዱት ልጆች ሁሉ ያውቁኝ ነበር። ከሱቄ ደጃፍ ቆሜ እጄን ስዘረጋ፣ ሰው የጫነው «ሞልቷል አዴ!» ብሎ ይሸመጥጣል። ባዶውን የሚነዳው ደግሞ ቆም ይልና፣ እናቱን እንደሚጠራ በአክብሮት፣ «አዴ ሰዓዳ፣ እባክዎ መሃል ላይ ይሁኑ፤ ዳገቱ ላይ እንዳንጋደል» ይለኛል። እኔም መሃሉን ይዤ ብቻዬን እንደ ሙሽራ እሄዳለሁ። ስቄ ነበር የማልፈው። ቤት ገብቼ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ስል ግን ትንፋሼ ይቆራረጥና ሳቁ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ያኔ ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ ክብደቴ መቶ ሠላሳን። ሥራዬ ስፌት ነው፤ መጋረጃና የሙሽራ ልብስ። በእኛ አገር ወፍራም ሴት በሽተኛ አትባልም። «ማሻአላህ፣ ባሏ በደንብ ይዟታል» ነው የምትባለው። ባሌ ጀማል መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይሸጣል፤ ከእኔ ጎን ሲቆም የመጋረጃ ዘንግ ይመስላል፤ በእኔ ውፍረት ግን የሚመሰገነው እሱ ነው። ጉልበቴ ምስጋናውን አልሰማም። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። መስገጃ ላይ ወርጄ መነሳት ሲያቅተኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ። በእንቅልፍ ልቤ ትንፋሼ ቀጥ ሲል ጀማል ነው እየነቀነቀ የሚቀሰቅሰኝ።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። እቀንሳለሁ፤ ዒድ ይመጣል፤ የቀነስኩት ከነወለዱ ይመለሳል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ቀዶ ሐኪም ፊት ተቀመጥኩና ጨጓራዬን ቆርጦ ሊያሳንሰው ተስማማን። ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ኦፕሬሽኑ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ግን የእርስዎ ነው፤ የሚከብደውም እሱ ነው። ከአሁኑ ይለማመዱት።»

ልምምዱን ነገረኝ። በትንሽ ማንኪያ መብላት። የጎረስኩት አፌ ውስጥ ውሃ እስኪሆን ማኘክ። ምግብ ላይ ውሃ አለመጠጣት። ሆዴ «በቃኝ» ሲል መስማት።

«የእኔ ሆድ በቃኝ ብሎ አያውቅም» አልኩት።

«ይላል። እርስዎ በጉርሻ ላይ ሆነው አልሰሙት ይሆናል።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ጠጣር ነገር የለም፤ ስቡ የተገፈፈ መረቅ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተት፣ ውሃ። ጉበቴ በስብ አብጦ ጨጓራዬን ስለጋረደው መኮማተር አለበት አለ። ከወንበሩ ተነስቶ በር ድረስ ሸኘኝና፣ «ሲመጡ እመዝንዎታለሁ» አለኝ። «ካልቀነሱ ቢላ አላነሳም። ተመልሰው ወደ ጭሮ።»

ልምምዱን የጀመርኩ ዕለት ጀማል ምሳውን ጨርሶ፣ ታጥቦ፣ ሰግዶ ሲመለስ እኔ ገና ሁለተኛዋን ጉርሻ እያኘክሁ ነበር።

«ሰዓዳ፣ አሞሻል?»

«እየተለማመድኩ ነው።»

«ምን?»

«መብላት።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንቺ? መብላት?» ብሎ ሳቁን ይዞ ወደ ጎማው ሄደ።

የፈሳሹ ጊዜ ሲደርስ ግን ሳቅ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰው ቤት ሽንኩርት ቁሌት ሲሸተኝ እንባዬ ይመጣ ነበር። ያጽናናችኝ ጎረቤቴ ሲስተር ሂሩት ናት። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ያለ ክሊኒክ ነው የምትሠራው፤ በየጊዜው እዚያ እየወሰደች ትመዝነኛለች። ሚዛኑ ወረደ። ደግሞ ወረደ። ሂሩት «በርቺ የኔ ጀግና!» ስትለኝ ከደስታዬ ብዛት ርሃቡን ረሳሁት።

አማቴ አዴ ፋጡማ ከገለምሶ የመጡት ይሄኔ ነው። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሚኒባስ ወርደው፣ ጫት የጫነ አይሱዙ መሃል ሰንጥቀው፣ ሁለት ዘንቢል ተሸክመው ገቡ። ዘንቢሉን ሳያስቀምጡ ጉንጮቼን ይዘው አገላብጠው አዩኝ።

«ሆድሽን ሊቀድዱት ነው አሉ፣ ኢንተለ ቲያ?»

ልጄ ማለታቸው ነው። ሲቆጡም ሲወዱም እንዲያ ነው የሚሉኝ። ለረጅም ክርክር ራሴን አዘጋጅቼ ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ መረቁን፣ ጉበቱን፣ ሚዛኑን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እሺ። አላህ ያውቃል» አሉ። «መረቁን ግን እኔ ነኝ የምሠራልሽ። አንቺ ስፌትሽን ስፊ።»

መጠርጠር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ገለምሶ ገበያ ውስጥ በክርክር ያሸነፋቸው ነጋዴ የለም። እንዲህ በቀላሉ «እሺ» ሲሉ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

የእሳቸውን መረቅ የቀመስኩ ዕለት ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ የምሠራው የሥጋ እጣቢ ነው የሚመስለው። የእሳቸው ጉሮሮ ላይ ቀስ ብሎ ይንሸራተትና ደረት ያሞቃል። «ይሄ ከሆነማ ዕድሜ ልኬን እጠጣለሁ» አልኩ። ወተቱም ተለየብኝ።

«አዴ፣ ወተቱ ምነው ጣፈጠኝ?»

«የገለምሶ ላም ነው» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ጥቂት ቀናት ቆይቼ ክሊኒክ ሄድኩ። ሂሩት ሚዛኑን አየችና፣ «ውረጂ። እንደገና ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ። ሚዛኑን ገፍታ ሌላ ጥግ ወሰደችው። እዚያም ወጣሁ።

«ሰዓዳ፣ በእናትሽ፣ ምን በላሽ?»

«ወላሂ ምንም!»

«ጨምረሻል እኮ።»

ዓይኗን አየሁት። ታማሚ ሲምል ብዙ ሰምታ የለመደች ሰው ዓይን ነው። ቤት ስመለስ ጀማል ሰምቶ ቆየኝ። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሱቅ ውስጥ ሐልዋ ደብቀሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣም» አለኝ። አለመቆጣቱ ነው ያቃጠለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በልቼ ማንም ያልተናገረኝ፣ ሳልበላ ተጠረጠርኩ! ራሴንም ተጠራጠርኩ። በእንቅልፍ ልቤ ተነስቼ እበላ ይሆን?

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሙሽራ ልብሷን ልትለካ መጣች። መረቄን ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ረስቼው እሷን ሳስተካክል ቆየሁ። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ስመለስ የስኒው አፍ ቢጫ ቆዳ አውጥቷል። በእጄ የያዝኩትን መርፌ ሰካሁበት። መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ።

አሸተትኩት። የገለምሶ ለጋ ቅቤ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ሰዓት ስኒውን ይዞ ወጥ ቤት ይገባል። እኔ ግን ተንኮል እወዳለሁ። «አዴ፣ ክር ልገዛ ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብዬ በሱቁ በር ወጣሁና በጓሮ በኩል ተመልሼ ገባሁ። ከወጥ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ለአንድ የሠርግ አዳራሽ የሰፋሁት መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ የአዳራሽ መሆኑ በጀኝ። የመስኮት ቢሆን ግማሼን እንኳ አይሸፍንም ነበር። ከኋላው ቆሜ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ለእኔ ትንፋሽ መዋጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

አማቴ ግራ ቀኝ አዩ። ከሻሻቸው እጥፋት ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «ቢስሚላህ» ብለው ትልቅ የቅቤ ጉማጅ ድስቱ ውስጥ ጣሉ። ሟሙቶ እስኪጠፋ አማሰሉት። ወተቱ ውስጥ ደግሞ በማንኪያ ማር ጨመሩ። ዘልዬ ልወጣ መጋረጃውን ጨበጥኩ። በዚያች ቅጽበት አማቴ ዱካው ላይ ተቀመጡና ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ሚዛኑን አክብድልኝ። ዶክተሩ አይቷት ይመልሳት። ቢላ አይንካት። ያ ረቢ፣ ይህቺን አትውሰድብኝ።»

በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መጋረጃውን ለቀቅሁ። ቀስ ብዬ በጓሮ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ዝም ልል ፈለግሁ፤ እሱም አልሆነም። ጸሎታቸው የነካው ልቤን ነው፤ ቅቤያቸው የነካው ግን ጉበቴን። ፊት ለፊት ብነግራቸው አልቅሰው ይክዱኛል፤ ነገ ደግሞ ሌላ መላ ያመጣሉ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሂሩት ሄድኩ። ስነግራት መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ቀጥሎ አልጋዋ ላይ ወድቃ ሳቀች፤ ከዚያ ተማከርን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሂሩት ስቡ የተገፈፈ መረቅ በሻይ ፔርሙዝ ይዛልኝ ትመጣለች። «ሻይ አመጣሁላት» ትላቸዋለች። አማቴ የሚሰጡኝን መረቅና ወተት ደግሞ «ስፌቴ ላይ እጠጣዋለሁ» ብዬ እቀበልና፣ በሱቁ በር ወጥቼ፣ ለጀማል ጎማ ቤት አደርሰዋለሁ።

«እናትህ ልከውልህ ነው።»

ጀማል አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚጠይቅ ወንድ የለም። ሲጨርስ የስኒውን ጠርዝ በጣቱ ይጠርጋል። ማታ አማቴ ባዶውን ስኒ ተቀብለው፣ «ጣፈጠሽ?» ይሉኛል።

«አላህ እጅዎን ይባርክ፣ አዴ። ጠብታ አልቀረም።»

ውሸት አልተናገርኩም።

ወደ አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት የመጨረሻው ሚዛን ቀን ደረሰ። አማቴ «እኔም አያለሁ» ብለው የዒድ ሽርጣቸውን ለበሱ። ደስ ብሏቸዋል፤ መንገድ ላይ ክንዴን ይዘው፣ «አላህ የወደደው ነው የሚሆነው፤ ባይሆንም አትዘኚ» እያሉ ከአሁኑ ያጽናኑኛል። ጀማልም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ሂሩት ጉሮሮዋን ጠራርጋ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው። ስጀምር ከነበረው እጅግ ወርዷል።

አማቴ ተጠግተው ሚዛኑን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ዋሽቷል» አሉ።

«ማን፣ አዴ?»

«ይሄ! ተበላሽቷል። ጀማል፣ አንተ ውጣ።»

ጀማል እንደታዘዘው ወጣ። የእሱን ክብደት ሂሩት ታውቀዋለች፤ ረመዳን ሳይገባ ጨጓራውን አሞት መጥቶ መዝናው ነበር። አየችና አፏን ይዛ፣ «ጀማል፣ አንተን ደግሞ ምን ነካህ? ወፍረሃል!» አለች።

«የእናቴ መረቅ ነዋ» አለ፣ ሆዱን እያሻሸ። «ሰዓዳ በየቀኑ ሱቅ ድረስ ታመጣልኛለች።»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«አንቺ» አሉ። «አውቀሻል!»

«መርፌ ቆመበት፣ አዴ።»

ሂሩት በሳቅ ፈነዳች። ጀማል ምንም ሳይገባው አብሮ ሳቀ። አማቴ ሊቆጡ ጣታቸውን አነሱ፤ ጣታቸው አየር ላይ እንዳለ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው እስኪታጠፉ ሳቁ። ከሳቁ መሃል የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። እያለቀሱ ነበር።

ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው።

«ታናሽ እህት ነበረችኝ፤ ሐሊማ» አሉ። «ጀማል አልደረሰባትም። ሆዷን አሟት ሩቅ ሆስፒታል ወሰድኳት። ‹ቀላል ነው› አሉኝ። እየሳቀች ገባች። ነጠላ ጫማዋን ‹ያዢልኝ› ብላ ሰጥታኝ ነው የገባች። ጫማውን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ቁጭ አልኩ… አንቺን ደግሞ እንደዚያ መሸኘት አልችልም፣ ኢንተለ ቲያ።»

እኔ ሞኝ፣ የሰው ወሬ ፈርተው መስሎኝ ነበር፤ ምራታቸው ከስታ «አስርበዋት ነው» እንዳይባሉ። ያን ጊዜ የተናገረው ጀማል ነው።

«እናቴ፣ ትንፋሿ ሲቆም ሞተች ብዬ ስንቴ እንደነቀነቅኳት አታውቂም» አለ። ከዚያ በፊት ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። «እየጠበቅሁ ነው የምተኛው። አንቺ አንድ ቀን ነው ጫማ ይዘሽ የጠበቅሽው። እኔ ሁልጊዜ ነው የምጠብቀው።»

አማቴ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሂሩት ዘረጉ። «ቀዳጁን ጥሪልኝ።»

ሂሩት በእኔ ስልክ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠቻቸው።

«አንተ ነህ ቀዳጁ?»

«አዎ፣ እናቴ» አለ ዶክተሩ።

«ስንት ሰው ሞቶብሃል?»

ሂሩት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ሞቶብኛል፣ እናቴ» አለ በመጨረሻ። «ብዙ አይደለም፤ ግን የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ጉበቷ ይቀንስ ያልኩት ለዚህ ነው። ጉበቱ ካበጠ እኔም በደንብ አላይም፣ እሷም ለአደጋ ትጋለጣለች። በደንብ ከቀነሰች ግን ሥራዬ ይቀላል።»

አማቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም ስለ ቅቤው ትንፍሽ አላልንም።

«ከዚያ በኋላስ ምን ትበላለች?»

«መጀመሪያ እንደ ሕፃን በጠብታ። ቀጥሎ በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ። ቫይታሚኗን ሳታቋርጥ፣ እየተራመደች። የሚያስቸግራት ‹በሞቴ አንዲት ጉርሻ› የሚል ሰው ነው። እሱን የሚከለክልላት ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልጋታል።»

አማቴ ሻሻቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «እሱን ለእኔ ተወው» አሉ።

የተናገሩት አልቀረም። ልንሄድ ስንል የሰፈር ሰው ሊሰናበተኝ መጣ፤ ማንም ባዶ እጁን አልመጣም። ሳምቡሳው፣ ሩዝ በሥጋው፣ ማር የጠጣው ሙሸበክ። «ከእንግዲህ አትበላም፤ አንዴ ትሰናበተው» ብለው ነው። አማቴ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ሳህን እየተቀበሉ፣ ሰውየውን እየመረቁ፣ በሌላ በር ለሌላ እንግዳ አቀረቡት። ከሂርና የመጣችው አክስቴ «በሞቴ» ብላ ሳምቡሳ ወደ አፌ ስታስጠጋ እጇን አየር ላይ ያዙት። «ከሞትሽ እንቀብርሻለን» አሏት። «እሷ ግን አትበላም።»

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የእሳቸውን ሻሽ ነው። የእኔን ነጠላ ጫማ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። እግሬ ድረስ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጫማውን ከአልጋዬ ሥር አስቀመጡና ወደ ደጅ ወጡ። ሲያለቅሱ እንዳላይ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ማር ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ፀጉሬ ረግፎ ነበር። ቆዳዬ በአንዳንድ ቦታ በደንብ ያልተለካ ቀሚስ መስሏል። ሠርግ ቤት ሰው ሁሉ ሲጎርስ እጄን የት እንደማስቀምጠው የማላውቅበት ቀን አለ፤ መብላት ይናፍቀኛል፤ እንደ ሰው ነው የሚናፍቀኝ። ግን መስገጃዬ ላይ ወርጄ እነሳለሁ። ጀማል ሳይጠብቅ ይተኛል፤ ያንኮራፋል እንዲያውም፤ አሁን የማልተኛው እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው ማንም እንዲቆረጥ ልገፋፋ አይደለም፤ እሱን ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ዝግጅት ማለት ሆዴን ማዘጋጀት ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ማንኪያ ገዛሁ፣ ማኘክ ተለማመድኩ። አጠገቤ ያሉትን ሰዎች ግን ስለፍርሃታቸው አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካሰባችሁ፣ ሲያበላችሁ የኖረውን ሰው ቁጭ አድርጋችሁ «ምን ትፈራለህ?» በሉት። ምናልባት ጭቅጭቅ ሳይሆን የሆነች ሐሊማ ታገኙ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አማቴ ዓይናቸውን ሞራ ቀስ በቀስ ከጋረደው ዓመታት አልፈው ነበር፤ «ዓይኔን ቢላ አይነካውም» ብለው አሻፈረኝ ሲሉ ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ራሳቸው ደውለው፣ «የዓይን ቀዳጅ ፈልጊልኝ» አሉኝ። ጀማልና እኔ ወሰድናቸው። ፋሻው ሲፈታ አልጋቸው አጠገብ ነበርን። ዓይናቸውን ገልጠው፣ አርገብግበው፣ እኔ ላይ አቆሙት። ብዙ ጊዜ አዩኝ። እጃቸውን ዘርግተው አገጬን፣ ከአገጬ ሥርም ዳሰሱኝ።

«ያ አላህ! ለካ አንገት አለሽ!» አሉ።

ከዚያ ዞረው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ግን አርጅተሃል።»